ቆርቆሮ ፍለጋ ሄጄ በቃሬዛ የወጣሁበት የደብረ ታቦር ደን

ድሬዳዋ ከተመለስኩ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ እግሬን እያየ «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። «ደን ውስጥ ወድቄ» ስል፣ «የምን ደን? ሠርግ አልነበር እንዴ የሄድሽው?» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከመተረክ ብዬ ነው ይህን መጻፌ። መቆምም ገና አልተፈቀደልኝም። ደግሞም ከጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ደብረ ታቦርን የሚያዩበት ምክንያት የላቸውም፤ እኔም የአጎቴ ልጅ ባሕር ዳር ባያገባ ኖሮ አላያትም ነበር።

ጥፋተኛው ባለቤቴ ሙሉጌታ ነው። ሙሉጌታ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ ይዞታል። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ትንሽ ዕቃ የያዘች ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ሣጥን የሆነ ቦታ ይደብቅና ቦታዋን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል። ካገኘ ውስጧ ባለች ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ መልሶ ይደብቃታል። በቃ፣ ሽልማት የለውም። መጀመሪያ ሲነግረኝ «አቦ፣ ሥራ ፈት!» ብዬው ነበር፤ ኋላ ግን የመጀመሪያዋን ከድሬ ወጣ ብሎ ካለ ድልድይ ሥር አብረን ስናገኝ እንደ ልጅ ጮህኩ።

ከሠርጉ ማግስት ሙሉጌታ ስልኩን ዘርግቶ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አሳየኝ። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ደን መካከል። «ሁለት ቀን ብቻ» አለኝ። አራት ቀን ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ረቡዕ

ከባሕር ዳር በሚኒባስ ወጣን። ሐሙሲት ላይ ወራጅ ወርዶ ተሳፋሪ ሲገባ፣ አጠገቤ ከአንበሳሜ የመጡ አንዲት እናት ተቀመጡ። ደብረ ታቦር ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ መሄዳቸው ነበር። ያለ ወሬ የሚያስጉዝ ሰው አይደሉም፤ ወረታ ሳንደርስ የቤተሰቤን ሁኔታ፣ የልጆቼን ዕድሜ፣ የድሬዳዋን ሙቀት ሁሉ አወቁ። ሙቀቱን ስነግራቸው ፈጽሞ አላመኑኝም።

«ሌሊትም ይሞቃል?» አሉኝ።

«ሌሊትም። ፍራሽ በረንዳ ላይ አውጥተን የምንተኛበት ጊዜ አለ።»

«በረንዳ! ታዲያ ብርድ ልብስ አያስፈልግማ!»

ወረታ ላይ የፎገራን ሜዳ ትተን ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ዳገቱን ስንጀምር ነገሩ ገባኝ። የለበስኩት ለባሕር ዳር የሚሆን ስስ ቀሚስና ክፍት ጫማ ነበር። መኪናው በወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ እየቀዘቀዘ ሄደ። የእኛ አገር ተራራ ደረቅና ቡናማ ነው፤ ይህኛው ገለባ የመሰለ ወርቃማ ማሳ ተነጥፎበት፣ በየማሳው መካከል የእህል ክምር ቆሞበታል። እያየሁ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። እኚያ እናት ጋቢያቸውን ግማሹን ከትከሻቸው አውርደው ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝ። እስከ ደብረ ታቦር በአንድ ጋቢ ተጓዝን።

ከመናኸሪያው ስወጣ የባጃጆቹን መዓት አይቼ ልቤ ረጋ፤ ባጃጅ ያለበት ከተማ ለድሬ ሰው ባዕድ አይሆንም። ያደረሰን ልጅ ግን ሙሉጌታን «ጌታዬ፣ እዚህ ይወርዳሉ?» ሲለው፣ ሙሉጌታ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው። ንቀት አይደለም፣ እንዲያ ነው ያደግነው። እዚህ ግን ሁሉም ሰው «እርስዎ» እና «አንቱ» ሲባባል ስሰማ ምላሴን እንዴት እንደማደርገው ጨነቀኝ።

ያረፍንበት ትንሽ ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ እናኑ ይባላሉ። ማታ ሽሮና የአበሻ ጎመን አቀረቡልን፤ ሽሮው ከእኛው ይበልጥ ወፍራም ነው፣ ቃሪያውም አይምርም። ነገ ደን እንደምንሄድ ስነግራቸው ጫማዬን አዩ።

«በዚህ?»

«ሌላ አልያዝኩም።»

ገብተው የልጃቸውን ሸራ ጫማና ወፍራም ካልሲ ይዘው ወጡ። «ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ» አሉ። ለምን ደን እንደምንሄድ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ከጨዋታው ደንብ አንዱ ለማይጫወት ሰው ምሥጢሩን አለማሳየት ነውና።

ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ

ጠዋት ባጃጅ እስከሚችለው ድረስ ወሰደን፤ ከዚያ በኋላ በእግር ሆነ። የቦታውን ስም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ፊት ትረዱታላችሁ። ጥር ስለሆነ በየውድማው በሬዎች ገብስና ጤፍ ያበራያሉ። ሰዎቹ ሥራቸውን ሳያቆሙ «እንደምን አደራችሁ» ይሉናል፣ እኛም «ደህና» እያልን እናልፋለን። ድሬ ላይ ለማያውቁት ሰው እንዲህ ሰላምታ መስጠት ከጀመሩ ከቤት ወጥቶ ገበያ መድረስ አይቻልም።

ደኑ ከሩቅ ሲታይ በማሳ መካከል የተቀመጠ ጥቁር አረንጓዴ ቆብ ይመስላል። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዙሪያውን ድንጋይ ካብ አለው። እንደገባን ብርሃኑም ድምፁም ተለወጠ፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ትልልቅ ዛፎች። ይህን ያህል ጥላ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ድሬ ላይ አንዲት የኒም ዛፍ ካለች አሥር ሰው ሥሯ ይቀመጣል። ዝም ብዬ ቆሜ ተነፈስኩ።

ሙሉጌታ ግን አልተደሰተም። ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ ስልኩ ሳተላይቱን በደንብ አያገኝም፤ የምትመራን ቀስት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ትዘላለች። አንዱን ቀጭን መንገድ ተከትለን ሄድን፣ ተመለስን፣ ሌላውን ያዝን። በመጨረሻ «እዚሁ አካባቢ ናት» አለና ሁለታችንም ተንበርክከን ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር በእጃችን ቅጠል መግለጥ ጀመርን። ድንጋይ እናነሳለን፣ እንመልሳለን። አሁን ሳስበው፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሁለት እንግዳ ሰዎች መሬት ሲጭሩ ያየ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ለመገመት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም ነበር። እኛ ግን አላሰብነውም።

«ማነው እዚያ? ምንድን ነው የምትቆፍሩት?»

ቀና ስል ዱላ የያዙ ስልሳን የተሻገሩ የሚመስሉ ሰው፣ ከኋላቸው ሁለት ጎልማሶች። ልብሳቸው ላይ እብቅ አለ፤ ከውድማ ነው የመጡት። ስማቸው አያ ሞላ እንደሆነ በኋላ አወቅሁ፤ እዚያ አገር ታላቅ የሆነን ወንድ «አያ» ነው የሚሉት።

«አንቆፍርም» አለ ሙሉጌታ። «የጣልነው ዕቃ ነበር።»

ደንቡን ለመጠበቅ ብሎ ነው የዋሸው። ግን መቼ ጣልነው?

«መቼ ጣላችሁ? አሁን ስትገቡ አይደለም እንዴ ያየናችሁ?» አሉ አያ ሞላ። «ዐምና እንደናንተው ስልክ የያዙ መጥተው የብር መስቀል አጥተናል። ተነሡ! ስልኩን አምጣ!»

እኔ ደንግጬ ነገሩን ለማብረድ አስቤ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የድሬ አፍ ነው።

«አቦ ተረጋጋ አባባ! አንተ ደግሞ፣ እኛ ሌባ እንመስላለን?»

አያ ሞላ ወደ ጎልማሶቹ ዞረው «አንተ አለችኝ» አሉ፤ ተቆጥተው ሳይሆን ተገርመው። አንደኛው ጎልማሳ ግን ተቆጣ። «ባለጌ!» ብሎ ወደ ፊት ሲራመድ እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ቀኝ እግሬ ከሁለት ሥሮች መካከል ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሰውነቴ ዞረ፣ እግሬ አልዞረም። የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ጩኸቴን እኔ አላስታውሰውም፤ ሙሉጌታ ነው የነገረኝ። የማስታውሰው አያ ሞላ ዱላቸውን ጥለው አጠገቤ መንበርከካቸውን ነው። ሌባ ያሏትን ሴት ጭንቅላት ከድንጋይ ላይ አንስተው ክንዳቸው ላይ አደረጉ።

«አይዞሽ። አይዞሽ ልጄ። አትንቀሳቀሺ።» ወደ ጎልማሳው ደግሞ፣ «ምን ትቆማለህ? ውኃ አምጣ! አባንም ጥራቸው!»

«አባ» የተባሉት ቄሰ ገበዙ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት የሚጠብቁ ቄስ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጥቁር ፕላስቲክ ጫማ አድርገው በርጋታ መጡ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ፣ እግሬን አዩ፣ ከዚያ ሙሉጌታን አዩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉት።

ሙሉጌታ ነገራቸው። ስልኩን ሰጣቸው፣ ነጥቧን አሳያቸው፣ ስለ ጨዋታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረዘረ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ «አንቱ» ለማለት ሲታገል ላቡ ይንቆረቆር ነበር። አባ እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

«አላውቅም አባ። ቁልፍ መያዣ፣ አዝራር… እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።»

«ዋጋ ያለው ነገር አይደለም?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ከድሬዳዋ ድረስ ለምን መጣችሁ?»

«ለማግኘት ብቻ ነው አባ» አለ ሙሉጌታ፣ ድምፁን ቀንሶ።

«በል እንግዲህ፣ እንፈልጋት» አሉ አባ። «ካገኘናት አንተም ከስም መጥፋት፣ እኛም ከሐሜት እንድናለን። ካላገኘናት ግን ወደ ሕግ ነው የምንሄደው።»

እኔ ዛፍ ተደግፌ፣ እግሬ እያበጠ፣ እነሱ ሲፈልጉ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ቆርቆሮ እንዲገኝ ጸልዬ አላውቅም። ሥሩን ፈለጉ፣ የለም። ቁጥቋጦውን ፈለጉ፣ የለም። ሙሉጌታ ፊቱ አመድ መሰለ። የአያ ሞላ ፊትም እንደገና መጨለም ጀመረ። ከዚያ ያ «ባለጌ» ያለኝ ጎልማሳ ከካቡ ዘንድ «ይቺ ናት?» ብሎ ጮኸ። ካቡ ውስጥ፣ ከሁለት ድንጋዮች መካከል፣ ዝገት የጀመራት ጠፍጣፋ የከረሜላ ቆርቆሮ።

አባ ናቸው የከፈቷት። ሦስት አዝራሮች፣ አጭር እርሳስ፣ ፕላስቲክ ዝሆን፣ የተጠቀለለች ወረቀት ከጥቂት ስሞች ጋር። አያ ሞላ ዝሆኑን አንስተው በጣታቸው አገላበጡት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነበር። «ለዚህ ነው?» ይላሉ፣ «ለዚህ ነው?» ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ፣ እግሬ ግን ሳቁን አልወደደውም።

አባ ሳቁ ሲበርድ ለሙሉጌታ እንዲህ አሉት፦ «የደበቃት ሰው ክፉ አላሰበም፤ ግን አልጠየቀንም። ይህ ቦታ የእመቤታችን ነው። ቆርቆሮዋን ውሰዳት፣ ለባለቤቷም ንገረው። ሌላ ሰውም በዚህ ምክንያት እንዳይመጣብን።» ሙሉጌታ ቃል ገባ፤ ማታውኑ ለደበቃት ሰው ጻፈለት፣ እሱም ይቅርታ ጠይቆ ነጥቧን አጠፋት። የቦታውን ስም ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የእግሬ ነገር ነው። የአያ ሞላ ባለቤት ወይዘሮ የሻረግ ወጌሻ ናቸው፤ የተሰበረ ያቃናሉ፣ የወለቀ ይመልሳሉ። ተጠርተው መጡ፣ ጣቶቻቸውን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሳረፉና «ይህ አጥንት ነው። እኔ አላሸውም፣ ሐኪም ይየው» አሉ። ሁለት የቀርከሃ ፍልጥ በግራና በቀኝ አድርገው በነጠላ ጥለት አሰሩልኝ። አስረው ሲጨርሱ ትኩስ የገብስ በሶ በጥብጠው አጠጡኝ። ድሬ ብሆን ቀዝቃዛ ነገር ነበር የሚሰጡኝ።

የባጃጁ መንገድ በእግር ሩቅ ነው። አያ ሞላ ወደ ውድማው ጮክ ብለው ተጣሩ፣ ሰዎች መጡ። ከሁለት ረጃጅም እንጨትና ከጠፍር ቃሬዛ ሠሩ፣ ጋቢ አነጠፉበት፣ አስተኙኝና አራት ሆነው ትከሻቸው ላይ አነሡኝ።

«አያ ሞላ» አልኩ፣ «ሥራችሁን አስፈታኋችሁ።»

«ሥራ የት ይሄዳል?» አሉኝ።

ግን ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ ለሌላው «ነፋሱ መጣ» ሲለው ሰማሁ። ገብሱን አበራይተው ጨርሰው ገለባውን ከፍሬ ለመለየት የቀትሩን ነፋስ ሲጠብቁ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ነፋሱ ጉንጬ ላይ ሲነፍስ ይሰማኛል፤ የእነሱ እህል ውድማ ላይ ተኝቷል፣ እነሱ እኔን ተሸክመዋል። ዐይኔን ጨፈንኩ።

መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፤ ብሎም አያልፍም። ጭነቱን አውርዶ ከአንዱ ትከሻ ቃሬዛውን ይቀበልና ጥቂት ይሸኘናል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ማን እንደሆንኩ የጠየቀ የለም። ከገበያ የሚመለስ ነጋዴ ተሸክሞኛል፣ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ተሸክመውኛል። እኛ ሰፈር ሰው ሲታመም ባጃጅ ይጠራል፣ ሃያ ሰው ደግሞ ዙሪያውን ቆሞ ሃያ ዓይነት ምክር ይሰጣል፤ ፍቅራችን በአፋችን ነው። የእነዚህ በትከሻ ነው። ከቃሬዛ ላይ ሰማይን ብቻ ነው የማየው፤ ያን ያህል ሰማይ ለረጅም ሰዓት ያየሁት ያኔ ነው።

መንገዱ ዳር ስንደርስ ገለባ የጫነ አይሱዙ ቆመልን። ሹፌሩ ረዳቱን ከኋላ አስቀምጦ ጋቢናውን ለእኔ ለቀቀ። አያ ሞላን እጃቸውን ይዤ «አንቱን እግዜር ይስጥዎ» አልኩ፤ ሰዋስዉ የተበላሸ ይመስለኛል። እሳቸው ግን ግንባሬን ሳሙኝ።

ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ በራጅ ፎቶው ላይ ቀጭን ስንጥቅ አሳየኝ። «አልተለያየም፤ ማን እንዳሰረው አላውቅም እንጂ ደህና አርጎ ነው ያሰረው» አለ።

ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ

ቀኑን አልጋ ላይ ዋልኩ። ወይዘሮ እናኑ የሸራ ጫማቸውን ሁኔታ አንድ ጊዜም አላነሱም፤ አንዱን ሐኪም ቤት ቆርጠውት ነበር። የሞቀ ውኃ በጀሪካን፣ ምስር ወጥ በሳህን፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ በየሰዓቱ አንድ ነገር ይዘው ይገባሉ። ጫማውን ልተካላቸው ስል «ለእግርሽ ብይበት» ብለው ወጡ።

ሙሉጌታ ግን ሲነጋ ጠፋ። «ነፋሱን እኔ ነኝ ያስመለጥኩባቸው» ብሎ ወደ መንደሩ ተመልሶ ሄደ። ማታ ሲመጣ ላውቀው አልቻልኩም። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ጆሮው ሳይቀር እብቅ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ከመርፌ የማይበልጥ ብሎን የያዘበት መዳፉ ውኃ ቋጥሯል።

«ምን ሠራህ?»

«ላይዳ ሰጡኝ። ያ አካፋ የሚመስለው፣ እህሉን ወደ ላይ የሚወረውሩበት። ወረወርኩ፣ ሁሉም አያ ሞላ ራስ ላይ ወረደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀሙኝና በሬ ንዳ አሉኝ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አፈረ። «በሬውን አንቱ አልኩት።»

እስኪያመኝ ሳቅሁ። መንደሩ ሁሉ በዚህ ሲስቅ ዋለ አለኝ። ግን ነፋሱ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ገብሱ ተለይቶ፣ ተሰፍሮ ጎተራ ገብቷል። ያን ሲነግረኝ ከሐሙስ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሣልኝ።

አራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ

ወደ ባሕር ዳር ለመመለስ ዕቃችንን ሸክፈን ሚኒባስ ስንጠብቅ፣ አያ ሞላ የፔንሲዮኑን በር አንኳኩ። ገበያ ወጥተው ነው፤ ገበያው ሳይሞቅ እግሬን ሊያዩ መጡ። በር ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፣ ወይዘሮ እናኑ በግድ አስቀመጧቸው። እግሬን አዩ፣ መተኛቴን ጠየቁ፣ ስለ መንገዱ መከሩኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባ ልከውኝ ነው። የክርስትና ስምሽን ጠይቀህ ና ብለውኛል። በጸሎት ሊያነሱሽ።»

አፌን ከፈትኩ፣ ስሙ አልመጣም። ከልጅነቴ ወዲህ ማንም በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። ሙሉጌታን አየሁት፣ እሱም አያውቀውም። ጆሮዬ ድረስ አፈርኩ። ስልኬን አንስቼ ድሬዳዋ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የክርስትና ስሜ ማነው?»

ጩኸቷ ክፍሉን ሞላው። «ምን ሆነሽ ነው? ምን ሆነሽ ነው ስምሽን የሚጠይቁሽ?» ስለ እግሬ አልነገርኳትም ነበር። ለማስረዳት ስሞክር ትጮሃለች፣ እሷ ስትጮህ እኔ አለቅሳለሁ። አያ ሞላ እጃቸውን ዘረጉ፣ ስልኩን ሰጠኋቸው። ከአፋቸው አርቀው ይዘው፣ ከተራራ ወደ ተራራ እንደሚጣራ ሰው ጮክ ብለው ተናገሩ።

«እመቤቴ፣ አይጨነቁ! ልጅዎ እኛ ጋ ናት! እግሯን ትንሽ ነው፣ ይድናል! እኛ አለን!»

ከወዲያ የእናቴ ድምፅ ቀስ በቀስ ወረደ። አያ ሞላ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ «እሺ፣ እሺ፣ አደርሳለሁ» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

«ወለተ ሥላሴ» አሉኝ። «ወለተ ሥላሴ ነሽ።»

አባ እነሱንም እንዲያነሷቸው የእናቴንም፣ የሙሉጌታንም የክርስትና ስም ጠየቁ። ወረቀት ልጽፍላቸው ስል አላስፈለጋቸውም። ተሰናብተው ሲወጡ በመስኮቱ ተከትዬ አየኋቸው። ገበያተኛው መካከል፣ ከአህያውና ከባጃጁ መካከል እየተሹለከለኩ፣ እንዳይጠፋባቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፦ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ሥላሴ።